«ይበቃዋል» እና «አይገባም»፤ ልጅን ስለ መቅጣት በምንናገረው ቋንቋና በሕጋችን ቃል ላይ የቀረበ ሒስ

መግቢያ

በሕፃናት ላይ ስለሚፈጸመው የኀይል ድርጊት የሚቀርቡት ጽሑፎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩሩት በጉዳቱ መጠንና በአጥፊዎቹ ማንነት ላይ ነው። ይህ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ድርጊቱ ጥፋት መስሎ እንዳይታይ የሚሸፍነው አነጋገር ራሱ ሲመረመር እምብዛም አይታይም። ምሳሌያዊ አነጋገር በአማርኛ ትምህርት ክፍለ ጊዜ ለተማሪ የሚሰጥ ትምህርት ነው፤ የሕግ አንቀጽም ቢሆን ቃላቱ ተመርጠው የተደረደሩ ጽሑፍ ነው። ሁለቱም እንደ ማንኛውም ድርሰት ሊነበቡና ሊተቹ ይገባቸዋል።

የዚህ ጽሑፍ አቋም ባጭሩ የሚከተለው ነው። በኅብረተሰባችን ውስጥ ለልጅ መራራት ጠፍቶ አያውቅም። ችግሩ ርኅራኄያችን የሚደርሰው ልጁ መመታት ከጀመረ በኋላ መሆኑ ነው። ባህሉም ሕጉም ስለ ዱላው ልክ እንጂ ስለ ዱላው ተገቢነት በግልጥ አይከራከሩም። ይህም ክፍተት ከማንም ይልቅ የሚያስቸግረው መምህሩን ነው።

1. የምሳሌያዊ አነጋገሩ ፍርድ

«ሳይቀጡ ያሳደጉት ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል» የሚለው አነጋገር በብዙ ቤት ይነገራል። ውበቱ «ቀጣ» እና «ተቆጣ» የሚሉት ሁለት ግሦች በድምፅ ተቀራርበው በመግጠማቸው ነው። ጆሮ በድምፁ ስለሚረካ ልቡና የተናገረውን ፍርድ ሳይመረምር ይቀበለዋል። ምርመራው ሲደረግ ግን የሚገኘው ነገር ያስገርማል። አነጋገሩ ያልተቀጣው ልጅ ይሰርቃል፣ ይዋሻል ወይም ታላቁን ይሳደባል አይልም። የልጁ ጥፋት ሆኖ የተቈጠረው በቃል ሲገሠጽ ማልቀሱ ብቻ ነው።

እንግዲህ ቃል የሚሰማው፣ ተግሣጽ ልቡን የሚነካው ልጅ እንደ ተበላሸ ተቈጥሯል ማለት ነው። በአንጻሩም በሚገባ ያደገ የሚባለው ልጅ ቊጣ የማያስደነግጠው፣ ከቊጣ የባሰውን የለመደ ልጅ ይሆናል። አስተማሪ ግን በሙያው የያዘው ዋና መሣሪያ ቃል ነው። ቃል የሚበቃውን ልጅ አግኝቶ ቃል እንዳይበቃው አድርጎ ማሳደግ የማስተማርን ሥራ ከመሠረቱ ማፍረስ ነው። በክፍል ውስጥ «ይህ ልጅ ያለ ዱላ አይሰማም» የሚባልለት ተማሪ ብዙውን ጊዜ በተፈጥሮው ደንቆሮ አይደለም፤ ከዱላ በታች ያለው ቋንቋ ሁሉ ዋጋ እንዲያጣበት ተደርጎ ያደገ ነው።

የቅጣቱ ዓይነቶች ስያሜም እንዲሁ ሊታይ ይገባዋል። ቁንጥጫና ኩርኩም የሚሉት ቃላት ለጆሮ ቀለል ያሉ፣ ጨዋታ የሚመስሉ ናቸው። ማንበርከክ ከጸሎት ጋር ይቀራረባል። በበርበሬ ማጠን እንኳ የሚያስተነፍሰውን ጢስ ሳይሆን የወጥ ቤቱን ሥራ የሚያስታውስ ስም ይዟል። እነዚህን ድርጊቶች አዋቂ በአዋቂ ላይ ቢፈጽማቸው ስማቸው ወዲያው ይለወጣል፤ ድብደባ፣ ማሠቃየት፣ ማዋረድ ይባላሉ። ድርጊቱ አንድ ሆኖ ሳለ ስሙን የለወጠው የተመቺው ዕድሜ ነው።

በሌላ ወገን ግን የአማርኛው ሀብት አንድ ወገን ብቻ የሚናገር አይደለም። «ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ» የሚለው አነጋገር ልጅ ገና ያልተጠናቀቀ መሆኑን አምኖ የሚቀበል ፍቅርን ያስተምራል። «ልጅና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ሲባል አሳዳጊው የሚጽፈው እንደማይፋቅ ያስጠነቅቃል። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» የሚለውም ምንም እንኳ ለልጅ ተብሎ ባይነገር ከልጅ የበለጠ የሚመለከተው የለም። ስለዚህ «ባህላችን ዱላ ነው» የሚለው ክርክር ከባህሉ ውስጥ የሚፈልገውን ብቻ መርጦ የወሰደ ክርክር ነው። ምርጫ እስከ ሆነ ድረስም ሌላ ምርጫ ማድረግ ይቻላል።

2. ገላጋዩ የሚናገረው ቃል

በገጠርም ሆነ በከተማ ልጅ ሲመታ ጎረቤት ይደርሳል። ልጁ አምልጦ ወደ ጎረቤት ቤት ሲገባ የቤቱ እመቤት ከኋላዋ ትሸሽገዋለች፤ አባትየውንም «ለእኔ ብለህ ማረው፤ ይበቃዋል» ብላ ትለምናለች። አባትም በብዙው ጊዜ ለጎረቤት ክብር ሲል ይተዋል። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚባለው እውነት የሚሆነው በእንዲህ ያለው ሰዓት ነው። ይህ ልማድ ሊናቅ አይገባውም። ማንም ሳያዝዘውና ሳይከፈለው ልጅን ከዱላ የሚያስጥል ሥርዓት ነው።

ሆኖም የገላጋይዋን ቃላት ልብ እንበል። «ይበቃዋል» ማለት እስካሁን የተመታው ልኩ ነው ማለት ነው። «ለእኔ ብለህ ማረው» ማለትም ምሕረቱ ለልጁ በመብቱ የሚሰጥ ሳይሆን ለጎረቤት በውለታ የሚደረግ ነው ማለት ነው። ጎረቤት ያልሰማበት ቤት፣ ለጎረቤቱ ክብር የሌለው አባት፣ ሁሉም በሩን ዘግቶ የሚኖርበት የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ሲገጥም ልጁ ገላጋይ አጣ ማለት ነው። ከዚህም በላይ በሥውር የሚፈጸመው ጥቃት፣ በተለይም በሴቶች ልጆች ላይ የሚደርሰው፣ ድምፅ ስለሌለው ገላጋይ አይጠራም።

ሀገሩ ከዚህ የጠነከረ ሌላ ቃል አለው። ሁለት ሰዎች ሲጣሉ ወይም ጉልበተኛው ደካማውን ሲያጠቃ ያየ መንገደኛ «በሕግ አምላክ!» ብሎ ያቆማል። ይህ ቃል ልመና አይደለም። ተናጋሪው ማንም ይሁን ማን፣ ዘመድ ሆነም አልሆነም፣ ሕግን ጠርቶ እጅን ያስወርዳል። ቃሉ ስለ ምቱ ብዛት አይከራከርም፤ መምታቱን ራሱን ያግዳል። ለከብት ወሰን፣ ለመሬት ድንበር፣ ለገበያ ጠብ የሚጠራው ይህ ቃል በገዛ ደጁ ለሚመታ ልጅ ሲጠራ ግን አይሰማም። ልጁ በሕግ ፊት እንደ ሰው ሳይሆን እንደ አባቱ ገንዘብ ስለሚታሰብ ነው። «ይበቃዋል» በሚለውና «በሕግ አምላክ» በሚለው ቃል መካከል ያለው ርቀት ርኅራኄያችን ገና ሊሄድ የሚገባው ርቀት ነው።

3. ሕጉስ ምን ይላል?

ሕጉ ተጠርቶ ሲመጣም መልሱ አንድ ወጥ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ንዑስ አንቀጽ 1(ሠ) ሕፃናት በትምህርት ቤቶችና በማሳደጊያ ተቋሞች ውስጥ አካልን ከሚጎዳ ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ ነፃ መሆናቸውን ደንግጓል። ለመምህር ይህ ቃል ግልጥ ነው። ቤትን ግን በስም አይጠራም።

የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 576 ደግሞ ከራሱ ጋር የሚከራከር አንቀጽ ነው። በንዑስ አንቀጽ 1 በኀላፊነቱ ሥር ያለውን ልጅ በማናቸውም ምክንያት ወይም መንገድ የሚመታውን ሰው እስከ ሦስት ወር በሚደርስ ቀላል እስራት ይቀጣል። በንዑስ አንቀጽ 3 ግን ወላጅ ወይም ተመሳሳይ ኀላፊነት ያለበት ሰው ለመልካም አስተዳደግ ሲል ከሕግ ጋር የማይቃረን የሥነ ሥርዓት ርምጃ ቢወስድ በዚህ አንቀጽ አይቀጣም ይላል። «በማናቸውም ምክንያት» ተብሎ የተዘጋው በር «ለመልካም አስተዳደግ» ተብሎ ተመልሶ ተከፈተ። ልጁን የሚመታ አባት ሁሉ ለመልካም አስተዳደግ ብሎ እንደሚመታ አያጠራጥርም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም በአንቀጽ 258 አሳዳሪው ለልጁ አስተዳደግ አስፈላጊ የሆነውን የሥነ ሥርዓት ርምጃ መውሰድ እንደሚችል ሲደነግግ ርምጃው ዱላን ይጨምር አይጨምር አይናገርም። በዝምታው ውስጥ የጎረቤቲቱ «ይበቃዋል» ይሰማል። ሕጉም የሚጠይቀው ልኩን ነው።

ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 19 ልጅ በወላጁ እጅ እያለም ቢሆን ከአካልና ከአእምሮ ጥቃት እንዲጠበቅ ያዛል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረት የጸደቁ ስምምነቶች የሀገሪቱ ሕግ አካል ናቸው። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1979 በቤት ውስጥ የሚደረገውን የአካል ቅጣት በሕግ ከለከለች፤ ከዚያ ወዲህ ከ60 በላይ አገሮች ተመሳሳይ ውሳኔ ወስደዋል። ከነዚህም መካከል እንደ ቶጎና ደቡብ ሱዳን ያሉ የአፍሪካ አገሮች ይገኛሉ። ስለዚህ «ይህ የነጮች ነገር ነው» የሚለው ተቃውሞ ከእውነቱ ጋር አይስማማም።

4. «ወላጅ ይዘህ ና»

የሕጉ ክፍተት በተግባር የሚታየው በትምህርት ቤቱ በር ላይ ነው። ተማሪው አርፍዶ ሲመጣ፣ የቤት ሥራውን ሳይሠራ ሲቀር ወይም ሲረብሽ ከመምህሩ የሚሰማው ትእዛዝ «ወላጅ ይዘህ ና» የሚል ነው። ትእዛዙ ሲታይ ሕጋዊም ሰላማዊም ነው። ተማሪው ግን ፍቺውን ያውቀዋል። አባትየው ሥራውን ፈትቶ፣ በሰው ፊት አፍሮ ይመጣል፤ ኀፍረቱንም ለመወጣት አንዳንዴ በመምህሩ ፊት፣ አለዚያም ቤት ሲደርስ ልጁን ይመታል። በዚህ አኳኋን ሕገ መንግሥቱ ከመምህሩ እጅ የወሰደው ዱላ በንዑስ አንቀጽ 3 መንገድ በአባት እጅ ተመልሶ ይመጣል። ትምህርት ቤቱ እጁን ታጥቧል፤ ልጁ ግን ተመትቷል።

እዚህ ላይ የመምህሩን ችግር አቃልሎ መመልከት ፍርደ ገምድልነት ነው። ስድሳና ሰባ ተማሪ በአንድ ክፍል ለያዘ መምህር ዱላውን ጣል ብሎ በምትኩ ምንም ሳይሰጡ መሄድ ምክር ሳይሆን ወቀሳ ነው። ክልከላው የታወጀውን ያህል የምትኩ ሥልጠና አልተስፋፋም። የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች የክፍል አያያዝን በንድፈ ሐሳብ ብቻ ሳይሆን በብዙ ተማሪ ፊት በተግባር ካላለማመዱ፣ ዕቅድ አውጪዎችም የተማሪውን ቊጥር ከመምህሩ አቅም ጋር ካላመዛዘኑ፣ ክልከላው በወረቀት ላይ ይቀራል። ወላጁም ቢሆን ብዙውን ጊዜ ጨካኝ አይደለም፤ እርሱ ባደገበት መንገድ ያሳድጋል፤ ልጁ መረን እንዳይወጣበትም ይፈራል።

5. ማረምና መማር

ቋንቋችን ለዚህ ችግር መውጫ የሚሆኑ ሁለት ቃላት አሉት። የመጀመሪያው «ማረም» ነው። ገበሬ እርሻውን ያርማል፤ መምህር የፈተና ወረቀት ያርማል፤ ጥፋተኛም ወደ ማረሚያ ቤት ይላካል። የአራሙ ጥበብ አረሙን ከሰብሉ ለይቶ መንቀሉ፣ እግሩም ጤፉን እንዳይረግጥ መጠንቀቁ ነው። ማሳውን ሁሉ በዱላ የሚደበድብ ሰው አረመ አይባልም። ጥፋትን ከልጁ ለይቶ ሳይነካ ልጁን የሚመታም እንዲሁ አረመ ሊባል አይገባውም።

ሁለተኛው «ተማረ» ነው። በግዕዝ «መሀረ» በሃሌታው ሀ አስተማረ ማለት ሲሆን «መምህር» የተገኘው ከዚህ ነው፤ «መሐረ» በሐመሩ ሐ ደግሞ ራራ፣ ይቅር አለ ማለት ሲሆን «ምሕረት» የተገኘው ከዚያ ነው። ሥሮቹ የተለያዩ ናቸው። አማርኛ ግን የሁለቱን ፊደላት ድምፅ ስላዋሐደ ዛሬ «ልጁ ተማረ» ስንል ዕውቀት አገኘ ማለትም፣ ምሕረት ተደረገለት ማለትም ይሆናል። ይህ የድምፅ አጋጣሚ እንጂ ማስረጃ አይደለም። ሆኖም ለአንድ ተማሪ ሁለቱ ነገሮች ተለያይተው እንደማይገኙ ማንኛውም ልምድ ያለው መምህር ያውቃል። የሚፈራ ልጅ መልሱን ሳይሆን የመምህሩን እጅ ይመለከታልና።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ የተመለከተው ሁሉ የሚያስረዳው ርኅሩኅ ማኅበረሰብን ከባዶ መፍጠር እንደማያስፈልግ ነው። ያለው ርኅራኄ ቀድሞ እንዲደርስና በልመና ሳይሆን በመብት እንዲቆም ማድረግ ያስፈልጋል። ለዚህም አራት ነገሮች ሊታሰቡ ይገባል።

አንደኛ፣ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 576(3) እና የቤተሰብ ሕጉ አንቀጽ 258 የአካል ቅጣትን እንደማይፈቅዱ በማያሻማ ቃል እንዲገለጥ፤ ዓላማውም ወላጅን ማሰር ሳይሆን የማኅበረሰቡን መለኪያ ማቅናት እንዲሆን። ሁለተኛ፣ ትምህርት ቤቶች «ወላጅ ይዘህ ና» የሚለውን ትእዛዝ ከቅጣት መጥሪያነት አውጥተው፣ ወላጅ ልጁ ያደረገውን መልካም ነገር ለመስማትም የሚጠራበት፣ ጥፋትም ሲኖር ልጁ ራሱ የሚናገርበትና ሳይመታ የሚመለስበት ስምምነት አስቀድሞ የሚደረስበት ውይይት እንዲያደርጉት። ሦስተኛ፣ የወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረትና የአካባቢው እድር ጉዳዩን በአጀንዳ ይዘው ገላጋይነትን ከበጎ ፈቃድ ወደ ታወቀ ኀላፊነት እንዲያሸጋግሩት፤ የተጠቃ ልጅ የሚሄድበት ቤትና የሚነጋገረው ሰው አስቀድሞ እንዲታወቅ። አራተኛ፣ በአማርኛ ትምህርት ክፍለ ጊዜ ስለ ልጅ አስተዳደግ የሚነገሩት ምሳሌያዊ አነጋገሮች ለትርጒም ብቻ ሳይሆን ለክርክር እንዲቀርቡ። «ሳይቀጡ ያሳደጉት ልጅ» የሚለውን አነጋገር የሚማረው ተማሪ «ሲቆጡት ማልቀሱ ምን ነውር አለበት?» ብሎ እንዲጠይቅ ሊፈቀድለት ይገባል።

የነዚህ ሐሳቦች አፈጻጸም ጊዜ ይወስዳል። አንዱ ግን ዛሬውኑ ሊጀመርና ምንም በጀት የማይጠይቅ ነው። ልጅ ሲመታ ያየ ሰው ከ«ይበቃዋል» ይልቅ «አይገባም» ይበል፤ ካልሰሙትም «በሕግ አምላክ» ብሎ ያስቁም።