ሐሙሲትን ማን ሰየማት?

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። ስለ ሰው ስም እውነት ሊሆን ይችላል፤ የብዙ ከተሞቻችንን ስም ያወጣው ግን ገበያተኛ ነው። በደቡብ ጎንደር፣ ከባሕር ዳር ወደ ወረታ በሚወስደው ጎዳና ላይ ያለችው ሐሙሲት ስሟን ያገኘችው ከሐሙስ ገበያ ነው። ማክሰኚት ከማክሰኞ፣ የታች ጋይንቷ አርብ ገበያ ከዓርብ፣ ሸዋ ሮቢትም ከሮብ ወስደዋል። ትግራይ ውስጥም እዳጋ ሐሙስና እዳጋ ዓርቢ አሉ፤ «እዳጋ» ገበያ ማለት ነው። እነዚህን ስሞች ያወጣው አህያውን ጭኖ፣ በጉን ነድቶ የሚመጣው ሰው ነው። «መቼ ልምጣ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ እስሙ ውስጥ ተቀምጧል።

የዚያው ዞን ዋና ከተማ ደብረ ታቦር ግን ስሟን የወሰደችው በቅድስት አገር ካለው የታቦር ተራራ ነው። የየጁ መሳፍንት፣ ኋላም ዐፄ ቴዎድሮስ የተቀመጡባት ከተማ ናትና እንዲህ ያለ የክብር ስም ቢወጣላት አይገርምም። አንደኛዋ ከላይ፣ ሌላኛዋ ከታች ተሰይመዋል ማለት ነው።

ይኸው የላይና የታች ልዩነት በኮምፒዩተሩ ዓለም ትልቅ መከራከሪያ ሆኖ ቆይቷል። በቤተ መጻሕፍት ልማድ መጽሐፍን የሚመድበው ባለሙያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1876 የወጣው የዲዊ አመዳደብ የኢትዮጵያንና የኤርትራን ታሪክ በ963 ቁጥር ሥር ያኖራል፤ አንባቢው ቁጥሩን ይከተላል እንጂ አይመርጥም። እ.ኤ.አ. በ2003 የተከፈተው «ዴሊሸስ» እና በ2004 የተከተለው የፎቶግራፍ ማከማቻ «ፍሊከር» ግን ተጠቃሚው ራሱ በመረጠው ቃል መለያ እንዲለጥፍ ፈቀዱ። ቶማስ ቫንደር ዋል የተባለ አሜሪካዊ በዚያው በ2004 ይህን የሕዝብ አመዳደብ «ፎክሶኖሚ» አለው። በ2007 ደግሞ ክሪስ መሲና ሃሽታግ ለትዊተር መለያ እንዲሆን ሐሳብ አቀረበ።

አድናቂዎቹ ነገሩን እንደ ታላቅ ነጻነት ቆጠሩት። እኔ ነጻነቱን አልክድም፤ አዲስነቱን ግን እክዳለሁ። መርካቶን ተመልከቱ። «መርካቶ» የሚለው ቃል ራሱ ጣሊያንኛ ነው፤ በውስጡ ያሉት ሸማ ተራ፣ ጭድ ተራ፣ ቦምብ ተራና ምን አለሽ ተራ ግን የሕዝብ ናቸው። ለመሆኑ ምን አለሽ ተራን የትኛው ባለሙያ ያስባት ነበር? በየትኛውም ክፍል የማይገባውን ቁርጥራጭ ሁሉ በአንዲት የገበያ ጥያቄ ሰብስባ ይዛዋለች።

ዳሩ ግን አድናቂዎቹ የዘነጉት አንድ ነገር አለ። የገበያ ስም የሚሠራው ሰው ስላወጣው ብቻ ሳይሆን ሰው ስለሚያርመውም ነው። መንገደኛ «ሐሙሲት» ቢል ሰሚው «የትኛዋ? የደራዋ?» ብሎ ይጠይቃል። ደራ የሚባል ወረዳ በኦሮሚያ ሰሜን ሸዋም አለና «የጎንደሩ ደራ» ተብሎ ይጨመርበታል። ጥርጣሬው በሁለት ቃል ይፈታል። ኢንተርኔት ላይ የተለጠፈ መለያ ግን ይህን የሚጠይቅለት ሰሚ የለውም፤ እንደተለጠፈ ይቀራል።

የእኛ ፊደል ደግሞ ችግሩን ያብሰዋል። ሐሙሲት፣ ሀሙሲት፣ ሃሙሲት፣ ኀሙሲት ብለን ብንጽፍ ለጆሯችን አንድ ናቸው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ ዩኒኮድ ሲገባ ግን እያንዳንዱ ሆሄ የየራሱን ቁጥር ይዟል፤ ስለዚህ ልዩ ደንብ ካልተጻፈለት በቀር ኮምፒዩተሩ አራት የተለያዩ ከተሞች አድርጎ ይቆጥራቸዋል። በላቲን ፊደል የሚጽፈውን ስንጨምር አምስተኛ ትወለዳለች። የአንዲት ከተማ ሠርግ፣ ለቅሶና የገበያ ቀን ፎቶግራፍ በአምስት ጆንያ ተበትኖ ይቀመጣል ማለት ነው። ነገ የእናቱን አገር የሚፈልግ ልጅ አንዱን ጆንያ ፈትሾ «ያለው ይኸው ነው» ብሎ ይመለሳል።

ሌላም አለ። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ2021፣ «ኖ ሞር» የሚለው ሃሽታግ ሲዛመት መለያነቱ ቀርቶ የሰልፍ መጥሪያ ሆኖ ነበር፤ ተቃራኒው ወገንም የራሱ ነበረው። ለመፈክርነት አገልግሎ ይሆናል። የዚያን ዘመን ሰነድ ለሚፈልግ ሰው ግን የለጣፊውን ወገን ይነግረዋል እንጂ የተለጠፈበትን ነገር ምንነት አይነግረውም።

ታዲያ ሁሉን ነገር መልሰን ለባለሙያው ቁጥር እንስጠው? አይደለም። 963 የሚለው ቁጥር ገበያው በየትኛው ቀን እንደሚቆም አይናገርም። ፕሮግራም የሚጽፉ ወጣቶቻችን ሞክሼ ሆሄያትን በፍለጋ ጊዜ እንደ አንድ የሚቆጥር ደንብ በየሥራቸው ያስገቡ፤ የጸሐፊውን አጻጻፍ ግን አይሰርዙበት። ፎቶግራፍ የሚለጥፍ ሰው ከከተማዋ ስም ጎን ወረዳውንና ዞኑን ይጨምር። ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብትም ሕዝቡ የሚጠራበትን ስም ከቁጥራቸው ጎን ይመዝግቡ። ይህ የመጨረሻው ትንሽ ነገር አይደለም፤ ዴሊሸስ እ.ኤ.አ. በ2017 አዲስ መለያ መቀበሉን አቁሟል። በሰው መደርደሪያ ላይ የተለጠፈ ስም ባለመደርደሪያው ሲዘጋ አብሮ ሊዘጋ ይችላል።

የሐሙስ ገበያተኛ ስም ሲያወጣ ለራሱ ብቻ አላወጣም፤ መንገዱን ለማያውቅ እንግዳም ጭምር ነበር። ከዘመኑ ለጣፊዎች የምጠብቀውም ከዚያ የበለጠ አይደለም።