የቪፒኤን ሥራ ሲረከቡ

ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ያለ ሆቴል የሒሳብ ፕሮግራሙ አዲስ አበባ ቢሮ ባለ ሰርቨር ላይ ነው እንበል። ሁለቱን ዋየርጋርድ በተባለው የቪፒኤን ፕሮግራም የሚያገናኝ ባለሙያ መጥቶ «ይኸው፣ ሠራ» ይላል። መሥራቱማ ቀላል ነው። ዋየርጋርድ በ2012 ዓ.ም. የሊኑክስ ከርነል አካል ከሆነ ወዲህ ጥቂት መስመር ጽፎ ማገናኘት ብዙዎችን አያቅትም። ጥሩውን ከመጥፎው የሚለየው ሌላ ነው።

እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ቁልፉ የት እንደተሠራ ነው። እያንዳንዱ መሣሪያ ሁለት ቁልፍ አለው፤ አንዱ ለሌላው ወገን የሚሰጥ ይፋዊ፣ ሌላው ከመሣሪያው የማይወጣ ምስጢራዊ። በጽሑፍ ሁለቱም 44 ፊደልና ምልክት ናቸው፤ ሲያዩአቸው አይለዩም። ሰነፍ ባለሙያ ሁሉንም በራሱ ላፕቶፕ ይሠራና በቴሌግራም ይልካል። ምስጢራዊው ቁልፍ በቴሌግራም ከደረሰዎት አይረከቡ፤ በየመሣሪያው ላይ እንደ አዲስ ይሠራ።

ቀጥሎ ፒር የሚባሉትን ተገናኞች ዝርዝር ያስከፍቱ። እያንዳንዱ የማን እንደሆነ ተጽፏል? ሒሳብ ሠራተኛዋ ሥራ ስትለቅ የእሷን ብቻ መሰረዝ መቻል አለበት። ለስልክና ለላፕቶፕ አንድ ቁልፍ ከተሰጠ ሰርቨሩ ለአንድ ቁልፍ አንድ አድራሻ ብቻ ስለሚይዝ አንዱ ሲገባ ሌላው ይቆረጣል። ከዚያ «ኔትወርኩ ነው» ይባላል።

የባለሙያው እጅ ከሁሉ በላይ የሚታየው ግን ለእያንዳንዱ ፒር የሚፈቀዱትን አድራሻዎች በሚዘረዝረው «አላውድ አይፒስ» በሚለው መስመር ነው። ሰርቨሩ ላይ ለአንድ ሰው አንድ አድራሻ፣ መጨረሻው /32። ያው አድራሻ ለሁለት ፒር ከተጻፈ ኋላ የተጻፈው ይወስደዋል፤ የፊተኛው አንዲት የስሕተት መልእክት እንኳ ሳያይ ባዶውን ይቀራል። ባሕር ዳር በኩል 0.0.0.0/0 የጻፈ ደግሞ የእንግዳ መቀበያውን ዩቲዩብ ሳይቀር በአዲስ አበባ ያዞረዋል። ሆቴሉም ቢሮውም 192.168.1.0 ላይ ከሆኑ አድራሻቸው ስለሚጋጭ ጥሩ ባለሙያ አንዱን ሳይቀይር ሥራ አይጀምርም።

ከዚያ ይፈትኑት። የሆቴሉን ራውተር አጥፍተው ያብሩት፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ ማንም ሳይነካው መገናኘት አለበት። መስመሩንም ወደ ሲም ካርድ ይቀይሩ፤ ዋየርጋርድ ተገናኙን የሚያውቀው በቁልፉ ስለሆነ ቶሎ ይመለሳል። በሞባይል ኔትወርክ ያለው ወገን በየ25 ሴኮንዱ መስመሩን ክፍት የሚያቆይ ምልክት (ኪፕአላይቭ) ካልላከ፣ ዝም ብሎ ሲቆይ ከአዲስ አበባ ሊያገኙት አይችሉም።

ያለ አግባብም አይፍረዱ። በ2015 ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ በሲም ካርድ ለሚሠራ ቪፒኤን ማንም ባለሙያ መፍትሔ አልነበረውም።

ከመፈረምዎ በፊት የፒሮቹን ዝርዝር ከነባለቤቶቻቸው በወረቀት ይቀበሉ፤ ምስጢራዊ ቁልፍ ግን አይጻፍበት።