ሳይጠየቅ የተሳለ ልጅ

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ የተጓዛችሁ ሁሉ ማንኩሳን ታውቋታላችሁ። መኪናው እዚያ ሲደርስ «የበዛብህ አገር!» የሚል ሰው አይጠፋም። በዛብህ ግን በምድር ላይ የኖረ ሰው አይደለም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» የተወለደ የልብ ወለድ ሰው ነው። ወላጆቻችን ታሪኩን በሬዲዮ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ሰምተው አልቅሰውለታል፤ ስለዚህ እኛ ዘንድ እንደ ጎረቤት ልጅ ይቆጠራል።

ባለፈው ክረምት አዴት ላይ ከወጣቶች ኅብረታችን ጋር መጽሐፉን አነበብን። «መምህር፣ የዓለም የፍቅር መጽሐፍ በኅብረት ይነበባል እንዴ?» ብሎ የጠየቀኝ ወንድም ነበር። ይነበባል ያልኩት ስለ ሰብለ ወንጌል ውበት ብዬ አይደለም። መጽሐፉ እግዚአብሔርን እንዴት እንደምናስብ ስለሚጠይቀን ነው።

ሐዲስ በ1902 ዓ.ም. እዚሁ ጎጃም ውስጥ ተወለዱ። እንደ በዛብህ በቤተ ክህነት ትምህርት አደጉ፤ ዲማንም የሚያውቁት ተምረውበት ነው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ዘምተው ተማረኩ፤ ወደ ጣሊያን አገር ተግዘውም ለዓመታት ታሰሩ። ከተመለሱ በኋላ በአምባሳደርነትና በሚኒስትርነት አገልግለዋል። መጽሐፉን ሲያሳትሙ ወደ ስድሳ የተጠጉ ሰው ነበሩ። ያም ሆኖ የወጣት ልብ እንዴት እንደሚፈራ አልረሱም። በ1996 ዓ.ም. ሲያርፉም ከሹመታቸው ይልቅ ስማቸውን ያስጠራው ይህ መጽሐፍ ነው።

ታሪኩን አብዛኛው ሰው እንዲህ ይተርከዋል፦ የደኻ ልጅ የባላባት ልጅ ወደደ፤ ፊታውራሪ መሸሻ በዘር ኩራታቸው ከለከሉ፤ ሁለቱም ሳይገናኙ ጠፉ። ይህ እውነት ነው። ፊታውራሪ መሸሻ ለልጃቸው የሚመጥን ዘር ያለው ባል ሲያማርጡ ዕድሜዋን አሳለፉባት። ጉዱ ካሳም ያንን ሥርዓት ይሞግታል፤ ሰዉም ስለዚህ እንደ እብድ ያየዋል።

እኔ ግን ዳግመኛ ሳነበው ከፊታውራሪው አጥር በፊት የቆመ ሌላ አጥር አየሁ፤ እሱም በበዛብህ ልብ ውስጥ ነው። በዛብህ በልጅነቱ ታምሞ ለሞት ሲቀርብ እናቱ ተሳለች፤ ከዳነ ሚስት ሳያገባ እግዚአብሔርን ሊያገለግል። ልጁ ዳነ። ከዚያ ወዲያ ሕይወቱ የራሱ አልሆነም። ሰብለን ሲወድ ደስታው ሳይጠና ፍርሃቱ ይቀድመዋል፤ መውደዱን እንደ ስርቆት፣ መከራውን እንደ ቅጣት ያየዋል። ከፊታውራሪው ሸሽቶ ማምለጥ ይቻላል፤ ከስእለት ወዴት ይሸሻል?

እዚህ ላይ አንዲት እኅት «እናቱ አጠፋች?» ብላ ጠየቀች። ቤቱ ጸጥ አለ። ሐዲስ እናቲቱን ክፉ አድርገው አልሣሏትም፤ የጥበባቸው ትልቁ ነገር ይህ ይመስለኛል። ልጇ በእጇ ላይ ሊሞት ሲል እናት ምን የማትሰጠው ነገር አለ? የሰጠችው ግን የልጇን ነገ ነው፤ ያውም ሳትጠይቀው።

ስእለት በመጽሐፍ ቅዱስም አለ። ሐና ሳሙኤልን ተስላለች፤ ሰጥታለችም። ነገር ግን በ1ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 3 እግዚአብሔር ልጁን ራሱ በስሙ ይጠራዋል፤ ልጁም በራሱ አፍ ይመልሳል። የእናቱ ስእለት እስከ ቤተ መቅደሱ በር አደረሰው፤ የልጁን መልስ ግን አልመለሰችለትም። በዛብህ የእናቱን ስእለት እንጂ ጥሪ አልሰማም። ልዩነቱ ይህ ነው።

ይህን የምጽፈው ከሩቅ ሆኜ አይደለም። እኔም በልጅነቴ በወባ ታምሜ እናቴ «ካዳንከው የአንተ አገልጋይ ይሁን» ብላ ነበር። ኮሌጅ ሳለሁ በፈተና ስወድቅ «ቃሉን ስላፈረስኩ ነው» እያልኩ ሌሊቱን ስገላበጥ አድር ነበር። ዛሬ አስተማሪ ነኝ፤ አገልግሎቱንም እወደዋለሁ። መውደድ የጀመርኩት ግን ዕዳ መክፈሌን ትቼ መልስ መስጠት ስጀምር ነው።

መጽሐፉ እንከን የለበትም አልልም። ጉዱ ካሳ ንግግር ሲጀምር ታሪኩ ቆሞ ይጠብቀዋል፤ ወጣት አንባቢ ገጽ ይዘላል። ሰብለም በመጀመሪያው ክፍል ከምታስበው ይልቅ መልኳ ይበዛል። መጨረሻው ግን ይክሳታል፤ ራሷን ለውጣ ከአባቷ ቤት ወጥታ ሩቅ መንገድ የምትሄደው እሷ ናት። በዛብህን የምታገኘው ሊሞት ሲያጣጥር ነው። በፍርሃት ከታሰረው ወንድ ይልቅ የታፈረችዋና የተቆለፈባት ሴት ደፋር ሆነች።

ዛሬ በየቤታችን ስእለቱ መልኩን ቀይሯል። «ሐኪም ትሆናለህ ብዬ ጌታን ለምኛለሁ»፣ «አንቺን ለአገልግሎት ሰጥቻለሁ» እንባላለን። ወላጅን አክብሩ፤ የጸለዩላችሁ ስለወደዷችሁ ነው። ዝም ብላችሁ ግን አትፍሩ። በዛብህን የጎዳው ስእለቱ ብቻ አይደለም፤ ፍርሃቱን ሸክም አድርጎ ብቻውን መያዙም ነው። ለወላጆቻችሁ ንገሩ፤ ለአንድ የበሰለ አማኝ አማክሩ፤ ለጌታም በራሳችሁ አፍ መልሱለት።

በኅብረታችሁ የምትወያዩበት አንድ ጥያቄ ልተውላችሁ፦ አሁን የምትኖሩት ሕይወት ጥሪ ነው ወይስ ዕዳ?