3200! ቦንጋ ላይ ተኝቶ የከረመው ፍጥነት

ሰሞኑን ያሳበዱኝ ሁለት ቁጥሮች ናቸው፤ 2133 እና 3200። የመጀመሪያው ቦንጋ ላይ ቪዲዮ የማቀናብርበት ዴስክቶፕ ራም ሲሠራበት የከረመው ፍጥነት ነው። ሁለተኛው በዚያው ራም ጎን በተለጠፈችው ወረቀት ላይ በግልጽ ታትሞ የተቀመጠው ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ገንዘብ ወጥቶበት፣ ተገዝቶ፣ ቤት የገባ ፍጥነት ነው! ማንም ሳይጠቀምበት ጠረጴዛ ሥር ተቀምጦ ነበር። ለማስነሳት አንዲት ሳንቲም አላስፈለገም። ማሽኑ ሲነሳ ዴሊት የምትለዋን ቁልፍ እየደጋገሙ መጫን፣ ባዮስ ውስጥ መግባት፣ አንዲት መስመር ላይ ኤክስኤምፒ የሚለውን መምረጥ፣ ኤፍ10 ተጭኖ መውጣት። በቃ!

በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ሲባል እሰማ ነበር፤ እውነት ነው።

ነገሩ ለምን እንዲህ እንዳስፈነደቀኝ የሚገባው እዚህ አካባቢ ኮምፒውተር ይዞ የሚሠራ ሰው ነው። ቦንጋ የካፋ ዞን ዋና ከተማ ናት፤ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መቀመጫዎች አንዷ ሆናለች። ቢሮው በዝቷል፣ ዩኒቨርሲቲው አለ፣ የሰርግና የምርቃት ቪዲዮ የሚሠራው ወጣት ብዙ ነው። ደህና የግራፊክስ ካርድ የፈለገ ሰው ግን ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ጅማ ይሄዳል፤ እዚያ ካጣ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀው አዲስ አበባ ናት ተስፋው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ደግሞ የኮምፒውተር ዕቃ ዋጋ ስንት እንደገባ መናገር አያስፈልገኝም። በዚህ ጊዜ ነው እንግዲህ ያለህ ማሽን ራሱ ገና አልተነካም የሚል ዜና የሚደርስህ!

ማሽኑን ላስተዋውቃችሁ። ፕሮሰሰሩ ራይዘን 5 3400ጂ ነው፤ ኤኤምዲ እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው፣ ቬጋ 11 የሚባል ግራፊክስ በሆዱ የያዘ። ማዘርቦርዱ ቢ450፣ ራሙ ሁለት ባለ 8 ጊጋባይት ዲዲአር4። የተለየ የግራፊክስ ካርድ የለውም። ይህ ዓይነቱ ማሽን የኔ ቢጤ ባለሙያ የሚገዛው ነው፤ ካርድ መግዛት የማይችል ወይም ለጊዜው ያቆየው ሰው ማሽን ነው። የዛሬው ደስታዬ ሁሉ ከዚሁ ካርድ ማጣት የመጣ ነው። ቬጋ 11 የራሱ ሜሞሪ የለውም። ፕሮሰሰሩም ግራፊክሱም ከአንድ እንስራ ይቀዳሉ፤ እንስራው ራሙ ነው። ራሙ ሲዘገይ ሁለቱም ይጠማሉ።

መጀመሪያ ኬዙን ከፈትኩት። የካፋ አየር እርጥበቱ የታወቀ ነው፤ ዝናቡ ከዓመቱ አብዛኛውን ወር አይለቅም። አቧራውም ከእርጥበቱ ጋር ተላቁጦ ፋኑ ላይ ጋግሯል። ራሞቹን አወጣኋቸውና ሁላችንም እንደምናደርገው ወርቃማ ጥርሳቸውን በላጲስ በቀስታ አሸት አሸት አድርጌ፣ ብናኙን ጠርጌ ልመልሳቸው ስል ነው ነገሩ ዓይኔን የሳበው። ማዘርቦርዱ አራት ማስገቢያ አለው። ሁለቱ ራሞች ጎን ለጎን፣ አንደኛውና ሁለተኛው ላይ ነበሩ። እነዚህ ሁለቱ ማስገቢያዎች ደግሞ የአንድ ቻናል ናቸው! ሁለተኛው ቻናል ባዶውን ነበር። በማዘርቦርዱ ላይ በደቃቅ ፊደል እንደተጻፈው ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር ሁለተኛውና አራተኛው ላይ፣ ኤ2 እና ቢ2 ላይ፣ ሰካኋቸው። ቀጭ፣ ቀጭ።

አሁን ሒሳቡን አብረን እንሥራ፤ ሒሳቡ ራሱ ያስጨፍራል። በራም ላይ የሚጻፈው 2133 ወይም 3200 በሰከንድ የሚደረገው የዝውውር ብዛት ነው፣ በሚሊዮን። በእያንዳንዱ ዝውውር አንድ ቻናል 8 ባይት ያሳልፋል። 2133 ሲባዛ በ8፣ 17 ጊጋባይት በሰከንድ ገደማ። ማሽኔ እስከዛሬ የኖረው በዚህች ነው። ሁለት ቻናል ሲሆን 34። ሁለት ቻናል ሆኖ ራሙ በ3200 ሲሮጥ ደግሞ 51.2 ጊጋባይት በሰከንድ! ሦስት እጥፍ! ያው ራም፣ ያው ማዘርቦርድ፣ ያው ፕሮሰሰር!

ገና አላበቃሁም። የራም ፍጥነት ሁለት ፊት አለው፤ ምን ያህል ያሳልፋል የሚለው አንዱ ነው፤ ተጠይቆ እስኪመልስ ምን ያህል ይቆያል የሚለው ሌላው። ሁለተኛው ታይሚንግ በሚባሉት ቁጥሮች ይለካል። የኔው ራም ላይ 16-18-18-38 ተብለው ተጽፈዋል። በ2133 ሲሮጥ የመጀመሪያው ቁጥር 15 ነበር፣ በ3200 ወደ 16 ከፍ አለ። ሰው ይህን ሲያይ ዘገየ ይላል። አልዘገየም! ቁጥሩ የሚቆጥረው ዑደት ነው፤ ዑደቱ ራሱ አጥሯል። ሲሰላ ፊት 14 ናኖሰከንድ ገደማ የነበረው ጥበቃ አሁን 10 ሆኗል። በሁለቱም ፊት ተተረፈ ማለት ነው። በዚያ ላይ በዚህ ትውልድ ራይዘን ውስጥ የፕሮሰሰሩን ክፍሎች የሚያገናኘው ኢንፊኒቲ ፋብሪክ የሚባለው መስመር ከራሙ ጋር እኩል ይረግጣል። ራሙን ስታፈጥን ውስጡም አብሮ ይፈጥናል።

ታዲያ ፋብሪካው ለምን ከመጀመሪያው በ3200 አልላከውም? መልሱ በጣም ደስ ይላል። እያንዳንዱ ራም ላይ መታወቂያውን የያዘች አንዲት ትንሽ ቺፕ አለች። እዚያ ላይ ሁለት ዓይነት መረጃ ተጽፏል። አንዱ የትኛውም ማዘርቦርድ ላይ ያለ ችግር የሚነሳበት ጥንቁቅ ፍጥነት ነው። ሌላው አምራቹ ፈትኖ ያረጋገጠው ከፍተኛው ፍጥነት ነው፤ ይህን አጻጻፍ ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2007 ኤክስኤምፒ ብሎ አስተዋወቀው፣ ኤኤምዲም በ2022 ለዲዲአር5 ኤክስፖ የተባለውን የራሱን አወጣ። ማዘርቦርዱ አዲስ ራም ሲሰካበት ጥንቁቁን ይመርጣል፤ ሌላውን ባለቤቱ እስኪጠይቅ ይጠብቃል። ስሙ ከቦርድ ቦርድ ይለያያል፤ አሱስ ለኤኤምዲ ሰሌዳዎቹ ዲ.ኦ.ሲ.ፒ. ይለዋል፣ ኤምኤስአይ ኤ-ኤክስኤምፒ። ነገሩ ግን አንድ ነው።

መረጥኩት። ኤፍ10። ስክሪኑ ጠፋ።

ይህን ጊዜ የማያውቅ ሰው ልቡ ይወድቃል። ስክሪኑ ጥቁር ነው፣ ፋኑ ይዞራል፣ ማዘርቦርዱ ጠርዝ ላይ ድራም የሚለው ትንሹ መብራት ቦግ ብሎ ይቀራል። ከዚያ ማሽኑ ራሱን ያጠፋል። እንደገና ይነሳል። ተበላሸ ብላችሁ ገመዱን እንዳትነቅሉ! ማዘርቦርዱ ከራሙ ጋር አዲሱን ፍጥነት እየተለማመደ ነው፤ ቮልቴጁን ከ1.2 ወደ 1.35 ከፍ አድርጎ፣ ምልክቱን በእያንዳንዱ መስመር ላይ እየለካ ነው። ካልተስማማው ደጋግሞ ሞክሮ በራሱ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። የኔው ተስማማው። ዊንዶውስ ሲገባ ታስክ ማናጀር ከፈትኩና ፐርፎርማንስ ውስጥ ሜሞሪ የሚለውን ተጫንኩ። ስፒድ፦ 3200። እልል!

የሰርግ ቪዲዮ ላይ ለውጡ ወዲያው ይታያል፤ እኔ ግን የፈተንኩት በደኑ ነው። የካፋ ደን፣ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት የመዘገበው፣ ለዓይን በረከት ለኮምፒውተር ግን ጭንቅ ነው። ቪዲዮ የሚታመቀው ከአንዱ ምስል ወደ ቀጣዩ ያልተለወጠውን በመዝለል ነው። ነፋስ የሚያወዛውዘው ደን ውስጥ ያልተለወጠ ነገር የለም፤ እያንዳንዱ ቅጠል ይንቀሳቀሳል፣ ብርሃኑ በየቅጠሉ ይሰበራል። ከባርታ ፏፏቴ የተቀረጸ ቪዲዮ ላይ ቀለም አስተካክዬ ሳጫውት ማሽኔ እየተንተባተበ ነበር የሚያሳየኝ፤ እኔም ጥራቱን ወደ ሩብ አውርጄ በግምት እቆርጥ ነበር። አሁን ውሃው ይፈሳል! እንደ ውሃ! አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ከኋላዬ ቆሞ አይቶ፣ “ጋሼ፣ ግራፊክስ ካርድ አስመጡ እንዴ?” አለኝ። “ራሙን ቦታ ቀየርኩለት” ስለው አላመነኝም፤ ኬዙን ራሱ ከፍቶ አየ።

ሁሉም ነገር እኩል አይፈጥንም፤ ይህን መናገር ተገቢ ነው። ፕሮሰሰሩ ብቻውን የሚሠራው የመጨረሻው ሬንደር የተሻለው በጥቂቱ ነው። ግራፊክሱ የሚነካው ሥራ፣ ጨዋታውም ጭምር፣ ግን ሌላ ማሽን ሆኗል።

ከእኔ በፊት በዚህ መንገድ ያበዱ ሰዎች ታሪክም አለ። እ.ኤ.አ. በ1998 ኢንቴል ሴለሮን 300ኤ የሚባል ርካሽ ፕሮሰሰር አወጣ፤ በ66 ሜጋኸርዝ ባስ ላይ 4.5 ጊዜ ተባዝቶ 300 ሜጋኸርዝ። ሰዎች ባሱን በማዘርቦርዱ ላይ ወደ 100 ከፍ ሲያደርጉት 450 ላይ ተረጋግቶ መሥራት ጀመረ፤ ያኔ ውድ ከነበረው ፔንቲየም 2 450 ጋር ትከሻ ለትከሻ! ግማሽ ያህል ፍጥነት በነፃ። ዛሬ በፈሳሽ ሂሊየም እያቀዘቀዙ 9 ጊጋኸርዝ ያለፉ አሉ። እነርሱን አደንቃለሁ፤ ልቤ ያለው ግን ያ ሴለሮን ጋ ነው፣ የደሃው ፕሮሰሰር ጋ።

ቦንጋ ላይ ይህን የሚሞክር ሰው የአገሩን ጠባይ ማወቅ አለበት። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው 15 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው። ፋኑ በአንድ ዙር የሚገፋው አየር ይቀንሳል ማለት ነው። ደግነቱ አየሩ ቀዝቃዛ ነው፣ ያካክሳል። ራሙን በኤክስኤምፒ ማስኬድ ብዙ ሙቀት አይጨምርም፤ ወደ ፕሮሰሰሩና ወደ ቬጋው ፍጥነት ከተሻገራችሁ ግን አቧራውን ጥረጉ፣ የደረቀውን የሙቀት ቅባት ቀይሩ፣ ሙቀቱን ኤችደብሊውኢንፎ በሚባለው ፕሮግራም ተከታተሉ።

ከሙቀቱ ይበልጥ የሚያሳስበው መብራቱ ነው። ራም አዲስ ፍጥነት ሲይዝ መፈተን የግድ ነው፤ ማሽኑ ተነሳ ማለት ተረጋጋ ማለት አይደለም። አልፎ አልፎ የምትሳሳት ራም ፋይል ታበላሻለች፣ የሰው ሰርግ ታጠፋለች! ሜምቴስት86 በፍላሽ ላይ ጭናችሁ አስነሱት፤ ለሰዓታት ይሠራል። አንዲት ስሕተት እንኳ ካወጣ አትቀበሉት፤ ፍጥነቱን ወደ 3000 ወይም 2933 ዝቅ አድርጉና እንደገና ሞክሩ። እርግጡን ለመናገር ኤኤምዲ ለ3400ጂ በይፋ የሚያረጋግጠው እስከ 2933 ነው፤ 3200 ኦቨርክሎክ ነው፣ ዋስትናውም በዚያ ልክ ይታያል። ፈተናው መሐል ላይ መብራት ከሄደ ሀ ብሎ መጀመር ስለሆነ ዩፒኤስ ላይ ሰክታችሁ ጀምሩ። ከዚያ በፊት ግን የሥራ ፋይላችሁን ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጡ።

አንዲት ሳንቲም የምታህል ነገር ደግሞ አለች፤ ሲአር2032 የምትባለው ባለ 3 ቮልት ባትሪ። ባትሪዋ ከሞተች ብዙ ማዘርቦርዶች መብራት በሄደ ቁጥር የባዮሱን ምርጫ ይረሳሉ፤ ማሽኑ ምንም ሳይናገር ወደ 2133 ይመለሳል! ምልክቱ ቀላል ነው፤ የኮምፒውተሩ ሰዓትና ዓመተ ምሕረት ወደ ኋላ ሄዶ ታገኙታላችሁ። እሷን ቀይሩ። ባዮሱ ውስጥ ከመጠን በላይ ገፍታችሁ ማሽኑ አልነሳ ካለም መድኃኒቱ እዚያው ነው፤ ገመዱን ነቅሎ ባትሪዋን ለጥቂት ደቂቃ ማውጣት ወይም ክሊር ሲሞስ የሚለውን ፒን ማገናኘት።

በየቢሮው ያሉት ዴል ኦፕቲፕሌክስና ኤችፒ ፕሮዴስክስ? ባዮሳቸው በአብዛኛው ይህን አይፈቅድም፤ ኤክስኤምፒ የሚል መስመር ብትፈልጉ አታገኙም። ግን እነርሱም ሁለት ቻናል አላቸው! አንድ ባለ 8 ጊጋባይት ራም ብቻ የተሰካበት ማሽን ላይ ሌላ ተመሳሳይ ብትጨምሩበት መንገዱ በእጥፍ ይሰፋል። በራሱ ግራፊክስ ለሚሠራ ማሽን ይህ ትልቅ ነገር ነው።

እኔ አሁን ታይሚንጎቹ ላይ ነኝ። ከ16-18-18 ወደ 16-17-17 ይወርድ እንደሆነ እየሞከርኩ ነው። ቬጋው ደግሞ ከፋብሪካ በ1400 ሜጋኸርዝ የመጣ ሲሆን መቆለፊያ የለበትም፤ ሜምቴስቱ እንዳለቀ በሃምሳ በሃምሳ ከፍ እያደረግኩ ልፈትነው ነው። እናንተ እስከዚያ ታስክ ማናጀራችሁን ክፈቱ፣ ሜሞሪ የሚለውን ተጫኑ፣ ስፒድ የሚለውን ቁጥር ራማችሁ ላይ ከተጻፈው ጋር አስተያዩ።