የቮልስ ወገብ

አዲስ አበባ ውስጥ የታደሰ ቮልስ የሚያሳይዎት ሰው ወሬውን የሚጀምረው ከቀለሙ ነው። ቀለሙን ይተዉትና ከኋላው ፓራፋንጎ አጠገብ ቁጢጥ ይበሉ። አንድ ዓይንዎን ጨፍነው በጎኑ የሚሄደውን አብረቅራቂ የጌጥ መስመር እስከ ፊት ድረስ ይከተሉ።

መስመሩ በእያንዳንዱ ጎን 3 ቁራጭ ነው፤ አንዱ ከበሩ ፊት፣ አንዱ በሩ ላይ፣ አንዱ ከበሩ ኋላ። ሰባተኛው በኮፋኖው መሀል ይወርዳል። በሩ ተዘግቶ 3ቱ እንደ አንድ ክር ካልሄዱ ጥፋቱ የጌጡ አይደለም፤ በሩ ማጠፊያው ላይ ወርዷል፣ አለዚያም ላሜራው በስቱኮ አብጧል። ጎበዝ ባለሙያ ይህን የሚያየው ቀለም ሳይነካ ነው። ጌጡን በሙሉ በባዶው ላሜራ ላይ ይገጥማል፣ በሩን ደጋግሞ ከፍቶ ይዘጋል፣ ያቃናል፤ ከዚያ ሁሉንም ፈትቶ ይቀባል። ቀለም ከደረቀ በኋላ ትራፓኖ የሚያነሳ ግን የራሱን ሥራ ያበላሻል። አዲስ የተበሳ ቀዳዳ ጠርዙ ራቁቱን ነው፤ የክረምቱ ዝናብ በዚያ ይገባና ዝገቱ ከውስጥ ይጀምራል።

ዘመኑንም ይጠይቁ። ወፍራሙና ቀጥ ያለው ፓራውልት፣ ቀጥ ብሎ የቆመው የፊት መብራትም፣ እ.ኤ.አ. የ1968 ሞዴል ናቸው። ያንን ፓራውልት በ1962 ሞዴል ላይ ካዩ መኪናው የተሠራው በተገኘው ዕቃ ነው። ኮፋኖው ላይ የነበረው የቮልፍስበርግ ከተማ ጋሻም በ1963 ሞዴል ቀርቷል፤ የኮፋኖውም መስመር ያኔ ረዘመ። ስለዚህ በ1965 ሞዴል ላይ ጋሻ መለጠፍ፣ ምንም ቢያምር፣ ስህተት ነው። መለዋወጫ እንደልብ እንደማይገኝ አውቃለሁ። ቢሆንም ያልነበረ ጌጥ ከመጨመር ቦታውን ባዶ መተው ይሻላል።

ፓራፋንጎውና ገላው በሚገናኙበት ስፌት ውስጥ ያለው ጎሚኒ እኩል መሆኑን በጣትዎ ዳስሰው ይለፉ።

መጨረሻ ላይ መሪው ጋ ይቀመጡ። የቀድሞው ቮልስ ስፖኪዮ በበሩ ማጠፊያ ውስጥ ይገባል እንጂ ላሜራ አያስበሳም። ከመቀመጫው ሳይነሱ፣ አንገትዎን ሳያሰግጉ፣ የኋላውን መንገድ ሊያሳይዎት ይገባል። የእኔን በር አንድ ጋራዥ ሳይጠይቀኝ በስቶ ከመስኮቱ በታች ሌላ ስፖኪዮ አሰረበት። ስፖኪዮውን አስወልቄ ዋናውን ወደ ማጠፊያው መለስኩት፤ ቀዳዳውን ግን በጎሚኒ ደፈንኩት፤ ዛሬም በየክረምቱ መግቢያ ጎሚኒውን አውጥቼ ዝገቱን እፈትሻለሁ።