ሻምቦር፦ የደረጃው ጥበብና የንጉሡ ስም

በፈረንሳይ አገር በሎዋር ወንዝ አካባቢ የሚገኘውን የሻምቦር ቤተ መንግሥት የሚጎበኝ መንገደኛ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰማው የንጉሥ ፍራንስዋ ቀዳማዊን ስም ነው። ግንባታው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1519 ተጀመረ፤ ከ400 በላይ ክፍሎችና 282 የእሳት ምድጃዎች አሉት። በ32 ዓመት ዘመነ መንግሥቱ ንጉሡ በዚህ ያረፈው ግን ለ72 ቀናት ያህል ብቻ ነው። የቤት ዕቃው እንኳ ከእርሱ ጋር መጥቶ ከእርሱ ጋር ይመለስ ነበር። ለአደን ማረፊያ ይህን ያህል ድንጋይ መከመሩ ከትዕቢት በቀር ምን ይባላል?

ጥበቡን መካድ ግን አይቻልም። በሕንፃው መካከል ሁለት መወጣጫዎች በአንድ ክፍት ማዕከል ዙሪያ ተጠማዘው ሽቅብ ያድጋሉ፤ በአንዱ የሚወጣና በሌላው የሚወርድ ሰው በመስኮቶቹ ይተያያሉ እንጂ መንገድ ላይ አይገናኙም። ድንጋዩ ክብደቱን የረሳ ይመስላል። ጎብኚው ሁሉ ይህን ለሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ሊሰጥ ይቸኩላል፤ ሠዓሊው ግን ሥራው ከመጀመሩ ጥቂት ወራት አስቀድሞ አርፎአል፤ እጁ እንዳለበት የሚያረጋግጥ ሰነድም አልተገኘም። የእንጨቱን አምሳያ የሠራው ዶሜኒኮ ዳ ኮርቶና፣ ግንበኞቹን የመሩት ዣክ ሱርዶና ፒዬር ኔፕቮ ስማቸው በመዝገብ ሰፍሮ ሳለ ከጎብኚው አንደበት አይሰማም፤ ድንጋዩን የተሸከሙትማ በመዝገብም የሉ።

ጥርጥር የሌለበት የሊዮናርዶ ሥራ ሻምቦር የደረሰው በ1939 ነው፤ ጦርነት ሲያሰጋ ሞናሊዛ ከሌሎች የሉቭር ቅርሶች ጋር በሣጥን ታሽጋ ወደዚህ ተወስዳለች።