«ቀለም ለዋጭ መርማሪ» ስለሚለው ስያሜ

ከደረሱን የባዮኬሚስትሪ ስያሜዎች መካከል፣ ኢንዛይም መኖሩን በፍሎረሰንስ የሚያሳውቁትን ውሑዶች «ቀለም ለዋጭ መርማሪ» የሚለው ይገኝበታል። አቅራቢዎቹ የባዕዱን ቃል እንዳለ ከመገልበጥ ይልቅ በአማርኛ መድከማቸው ያስመሰግናቸዋል። ስያሜውን ግን ልንቀበለው አልቻልንም።

«ለዋጭ» የሌላውን መልክ የሚለውጥ ማለት ነው። እዚህ ላይ ግን አድራጊው ኢንዛይሙ ነው። ሮጀር ቼንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1998 ይፋ ያደረጉትን ሲሲኤፍ2 እንመልከት። ኩማሪንና ፍሎረሰይን በሴፋሎስፖሪን ተያይዘው ሳሉ፣ ኩማሪን የተቀበለውን ጉልበት ለፍሎረሰይን ስለሚያስተላልፍ ውሑዱ አረንጓዴ ይፈካል። ባክቴሪያ ፔኒሲሊንን የሚሰብርበት ቤታ ላክታሜዝ ማያያዣውን ሲቆርጠው ግን ፍካቱ ሰማያዊ ይሆናል። እንግዲህ ውሑዱ ተለዋጭ እንጂ ለዋጭ አይደለም።

የባሰው «ቀለም» የሚለው ነው። በመጠጥ ውሃ ምርመራ አንድ ብልቃጥ ሁለት ኢንዛይሞችን የሚያሳይበት ዘዴ አለ። ቤታ ጋላክቶሲዴዝ ካለ ውሃው በዐይን የሚታይ ቢጫ ይሆናል፤ ይህ የኮሊፎርም ባክቴሪያ ምልክት ነው። ቤታ ግሉኩሮኒዴዝ ካለ ደግሞ ውሃው በ365 ናኖሜትር የአልትራቫዮሌት መብራት ሥር ሰማያዊ ይፈካል፤ ይኸውም በዐይነ ምድር የመበከል ምልክት የሆነው ኢ. ኮላይ ነው። ሁለቱንም «ቀለም መለወጥ» ብሎ የተማረ ሠራተኛ፣ ቢጫውን አይቶ መብራቱን ሳያበራ ውጤቱን ቢመዘግብ ጥፋቱ የማን ነው? ሰማያዊው እኮ ከሌላ ቀለም የተለወጠ አይደለም፤ ያልፈካው ፈካ እንጂ።

«መርማሪ» የፖሊስ ጣቢያን ሰው ያስታውሳል። «ጠቋሚ» የሚሉም አሉ፤ የዚህ ቃል ትዝታ ለአንባቢያችን ማብራሪያ አያሻውም። እኛ በሰዋስው «አመልካች ተውላጠ ስም» ስንል የኖርነውን «አመልካች»ን መርጠናል። «ኢንዛይም» ግን እንዳለ ይቆይ፤ ቪልሄልም ኪውነ ቃሉን «በእርሾ ውስጥ» ከሚል ግሪክኛ ቢያወጣውም፣ የእኛ እርሾ ሕያዋንን የያዘ ስለሆነ አይተካውም።

ለፍሎረሰንስ «ፍካት»ን እናቀርባለን። እ.ኤ.አ. በ1852 ስቶክስ የሰጠው ስም ከፍሎራይት ማዕድን የተወሰደ እንጂ የሁኔታው መግለጫ አልነበረም፤ ስለዚህ እሱን የመከተል ግዴታ የለብንም። ሲሲኤፍ2ን የመሰለው «ልበ ሙሉ» በምንልበት አገባብ «ፍካተ ተለዋጭ አመልካች»፣ ሳይፈካ ቆይቶ የሚፈካው «ፈኪ አመልካች» ይባል። «ቀለመ ተለዋጭ» የሚለው ለቢጫው ብቻ ይቀመጥ።